የአባቴ ሁለት የውድድር መኪና ፎቶዎች፦ እስቲ እዩልኝ

የጋራዥ ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ እዚህ ደብረ ብርሃን አርባ ዓመት መካኒክ ነበር። ባለፈው ጥር አረፈ። ዕቃውን ስናነሳ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት ፎቶ አገኘሁ። ሁለቱም ላይ ሰው በእጁ የሠራት የውድድር መኪና አለች።

አንደኛዋ ዝቅ ያለች፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ናት። ፓራፋንጎ የላትም፣ መብራትም የላትም። ጎኗ ላይ ነጭ ክብ ውስጥ 7 ቁጥር ተጽፏል። ላሜራው በመዶሻ መቀጥቀጡ ያስታውቃል፤ ብርሃኑ ጎርበጥበጥ ብሎ ነው ያረፈበት። አጠገቧ ቱታ የለበሰ ወጣት ቆሟል፣ ፊቱ ግን ጥላ ውስጥ ነው። ሁለተኛዋ ረዘም ትላለች። ቸርኬዋ የእንጨት ነው፣ ሁለት ወንበር አላት፣ ከወንበሩ ኋላ ድብልብል የነዳጅ በርሜል ተጋድሟል።

አባቴ ስለነዚህ ፎቶዎች አንድም ቀን አላወራኝም። ሥራ ያስተማረው አለቃው ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው እንደነበር ግን ይነግረን ነበር። እናቴ «ሁለቱም ያቺው አንዷ መኪና ናት፣ አለቃው የሠራት» ትላለች። እኔ ልቤ አልተቀበለውም።

ባሌስትራ (ጡረተኛ መካኒክ)፦
ልጄ፣ ነፍስ ይማር። እናትሽ አይቀየሙኝ እንጂ እነዚህ ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው።

ፎቶ ስታዪ ከላሜራው አትጀምሪ። ላሜራን ሰው እንዳሻው ያጥፈዋል። ከታች ጀምሪ። ባሌስትራውን (መኪናዋን ከታች የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት)፣ አክስሉን፣ ቸርኬውን እዪ። እነዚህን ጓሮ ውስጥ የሚሠራ የለም፤ ከሌላ መኪና ነው የሚፈቱት። የመኪናዋ ዘር የሚታወቀው እዚያ ነው።

ባለ እንጨት ቸርኬዋ ፎርድ ሞዴል ቲ ናት። ከፊት አንድ ባሌስትራ በአግድም ተጋድሟል፣ ከኋላም እንደዚያው። የፊት ጎማ ላይ ፍሬን የለም። ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አሜሪካ ውስጥ አሮጌዋ በርካሽ ስለምትገኝ ወጣቶች ገላዋን ገፈው ይጥሉና ሁለት ወንበር አስረው ይወዳደሩባት ነበር። ሞተሯ 2.9 ሊትር ሆኖ ጉልበቷ 20 ፈረስ ብቻ ነው። ያለ ገላ ግን ትሮጣለች።

7 ቁጥሯ ለእኔ የፊያት ቶፖሊኖ፣ የትንሿ የጣሊያን መኪና ልጅ ናት። የፊት እግሯን አጉልተሽ እዪው። ባሌስትራው ከላይ በአግድም ያልፋል፣ ከታች ክንድ አለ፣ ከጎማ ጎማ የሚያገናኝ ወጥ አክስል የለም። ቶፖሊኖ እንደዚያ ነች። በ1936 እ.ኤ.አ. ነው የወጣችው፤ 569 ሲሲ፣ 13 ፈረስ። ስንቷን ፈትቼ ገጥሜያለሁ!

አንድ መለኪያ ልስጥሽ። 7 ቁጥሯ ጎኗን ለካሜራው ሰጥታ ነው የቆመችው፣ ስለዚህ ማስመሪያ ይሠራል። የቸርኬውን ክብ ከዳር እስከ ዳር ለኪ። ከዚያ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ለኪ። ቶፖሊኖ በሁለቱ ጎማዎች መሃል ልክ 2 ሜትር ናት፣ ቸርኬዋም ባለ 15 ኢንች ነው። አምስት እጥፍ ገደማ ከመጣልሽ ሻንሲውን (የመኪናዋን የታች አጽም) አልነኩትም ማለት ነው።

ደግሞ ትንሽ ሞተር ነው ብለሽ አትናቂያት። እንግሊዞቹ ቻርለስ ኩፐርና ልጁ ጆን በ1946 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን ኩፐር 500 የውድድር መኪና የሠሩት የሁለት ቶፖሊኖ የፊት አካል ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ነው። ሞተሩን ከሞተር ሳይክል ወስደው ከሹፌሩ ኋላ አስቀመጡት፣ በሰንሰለት አስነዱት። በ1959 እና በ1960 ኩፐር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ያውም ሞተሩ ከኋላ እንደሆነ። የአንቺዋ ግን ሞተሯ ከፊት ነው፤ የጭስ ቱቦው ከኮፈኑ ጎን ወጥቶ ይታየኛል።

ፎቶ ቤት፦
እህቴ፣ ጀርባቸውንም ስካን አድርጊልን። ብዙ ጊዜ መልሱ ጀርባው ላይ ነው። ፊታቸውን በጣት አትንኪ፣ ፕላስተር አትለጥፊባቸው፣ ላሚኔት እንዳታስደርጊያቸው አደራ። የደበዘዘ ጽሑፍ ካለ ፎቶውን መስኮት አጠገብ አጋድመሽ፣ ብርሃን ከጎን ሲመታው በስልክ አንሺው። የእስክሪብቶ ጭረቱ ይወጣል።

7 ቁጥሩ በትክክል ስለሚነበብ ፎቶው ተገልብጦ አልታተመም። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በተገለበጠ ፎቶ መሪው በየት በኩል እንደሆነ ሲከራከሩ የዋሉ ሰዎች አውቃለሁ።

የጋራዥ ልጅ፦
አየሁት። የሞዴል ቲዋ ጀርባ ላይ ለአድራሻ መስመር፣ ለቴምብር ደግሞ አራት ማዕዘን አለ። 7 ቁጥሯ ጀርባ ላይ «ፌራኒያ» የሚል በላቲን ፊደል ታትሟል።

ፎቶ ቤት፦
እንግዲያው የመጀመሪያው ፖስት ካርድ ነው፣ ከውጭ የመጣ ይሆናል። ፌራኒያ የጣሊያን የፊልምና የፎቶ ወረቀት ፋብሪካ ነበር። ግን ወረቀቱ የጣሊያን ስለሆነ ፎቶው ጣሊያን ተነሳ ማለት አይደለም። ወረቀት ይጓዛል።

የደብረ ሲናው፦
እኔ መኪና አላውቅም። ከ7 ቁጥሯ ኋላ ያለውን አገር ነው ያየሁት። ከወጣቱ ትከሻ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ረጅም ምሰሶ የመሰለ ነገር ቆሟል አይደል? እሱ የስልክ እንጨት አይደለም። አበባው የደረቀ ጅብራ ነው! ከሥሩ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተዘርግቶ ይታያል። ጅብራ የኛ የደጋ ተክል ነው፣ አንዴ አብቦ ይሞታል። ጣሊያን አገር ከየት ይመጣል? የመንገዱ ዳር የድንጋይ ግንብ ደግሞ ጣሊያኖች ወደ ጣርማ በር ዋሻ ሲወጡ ከሠሩት ጋር አንድ ነው የሚመስለኝ። በየሳምንቱ ነው የማልፍበት።

የጋራዥ ልጅ፦
እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ለካሁት። ቸርኬው 9 ሚሊ ሜትር፣ ከጎማ ጎማ 46። ባባ ባሌስትራ፣ አምስት እጥፍ አለፍ ብሎ መጣ! ጅብራውን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየችበት። ባለ እንጨት ቸርኬዋ ሌላ መኪና መሆኗን አመነችልኝ፣ «7 ቁጥሯ ግን የአለቃው ናት» አለችኝ። በ7 ቁጥሯ አሁን ከእሷ ጋር ነኝ።

የደብረ ሲናው ወንድሜ፣ ቅዳሜ ፎቶውን ይዤ ጣርማ በር እወጣለሁ። ግንቡ ከዋሻው በፊት ነው ወይስ አልፎ? ጠዋት ጉም ሳይወርድ መድረስ እፈልጋለሁ።

የደብረ ሲናው፦
ከደብረ ብርሃን ስትመጪ ዋሻውን አልፈሽ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር። ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ እጠብቅሻለሁ። ጋቢ ያዢ።