የደበዘዘና ቢጫ የሆነ የመኪና የፊት መብራት በቤት ውስጥ እንዴት ይታደሳል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። የምነዳው እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራ ቶዮታ ቪትዝ ነው። መኪናዋ አዲስ አበባ ውስጥ ለስምንት ዓመት ያህል ያለ መጠለያ ስትቆም በመኖሯ ሁለቱም የፊት መብራቶቿ ከላይ በኩል ቢጫ ሆነዋል፤ ከታች በኩል ደግሞ ወተት የፈሰሰባቸው ይመስል ደብዝዘዋል። አምፖሎቹን በአዲስ ብቀይርም ለውጥ አላየሁም። ማታ የመንገድ መብራት በሌለበት ሰፈር ሳልፍ እግረኛ የሚታየኝ በጣም ከቀረብኩት በኋላ ስለሆነ መንዳት እየፈራሁ መጥቻለሁ። ባለፈው ወር በጥርስ ሳሙና ፈትጌው ጠርቶልኝ ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ደበዘዘ። አንድ ጎረቤቴ በቤንዚን እንድጠርገው ይመክረኛል፤ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ደግሞ አዲስ ከመግዛት በቀር መፍትሔ እንደሌለው ነግሮኛል። ቦሎ ለማሳደስ ሁለት ወር ቀርቶኛልና፣ በእጄ ሠርቼ የሚቆይ ውጤት የማገኝበት መንገድ ካለ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ በመኪና ቀለም ሥራ ላይ ከተሠማራ አባል

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድመው የቤንዚኑን ነገር ይተዉት። የመብራቱ ፊት መስተዋት ሳይሆን ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ቤንዚን፣ ቲነር ወይም አሴቶን ሲነካው ለጊዜው የጠራ ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን እንደ ሸረሪት ድር በደቃቁ ይሰነጣጠቃል፤ ይህን ስንጥቅ ደግሞ የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም። የትንኝ መከላከያ ቅባት የሚቀቡ ሰዎችም አሉ፤ ጉዳቱ ያው ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከፀሐይ ነው። ፋብሪካው ፕላስቲኩን ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከል ስስና ጠንካራ ሽፋን ይቀባዋል፤ ይህ ሽፋን በዓመታት ውስጥ ተበልቶ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ራሱ መቃጠልና ቢጫ መሆን ይጀምራል። የጨረሩ ኃይል ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ውጭ የሚያድር መኪና ቶሎ ይጎዳል። የእርስዎም መብራት ከላይ በኩል ብሶ የታየው ወደ ሰማይ የሚያየው ያ ክፍል ስለሆነ ነው። የጥርስ ሳሙና የላዩን ቆሻሻ ያነሣል እንጂ የጠፋውን መከላከያ አይተካም፤ ለዚህ ነው በሦስት ሳምንት የተመለሰብዎ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። መብራቱን አጥበው ገና እርጥብ እያለ ይመልከቱት። ውሃ ሲነካው ጠርቶ፣ ሲደርቅ መልሶ የሚደበዝዝ ከሆነ ጉዳቱ ከላይ ነው፤ ይታደሳል። እርጥብ ሆኖም ደብዛዛ ከሆነ ችግሩ በውስጥ በኩል ወይም በፕላስቲኩ ጥልቀት ውስጥ ስለሆነ ከላይ መፈተጉ ድካም ብቻ ይሆናል።

መልስ፣ በራሱ ኮሮላ ላይ ከሠራ አባል

እኔ የሠራሁት በአንድ ቅዳሜ ነው፤ ለሁለቱም መብራቶች አራት ሰዓት ያህል ወስዶብኛል። በቅድሚያ በመብራቱ ዙሪያ ያለውን ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎና ፓራውልት በወረቀት ፕላስተር በሁለት ድርብ ይሸፍኑ፤ ብርጭቆ ወረቀቱ አንድ ጊዜ ካመለጠ የመኪናውን ቀለም ይዞ ይሄዳልና። ከዚያ በውሃ የሚሠራውን ብርጭቆ ወረቀት በቁጥር 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 እና 3000 ያዘጋጁ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይልማል)፤ ጥቂት የሳሙና ጠብታ ባለበት ውሃ ውስጥም ይንከሩት።

በ800 ሲጀምሩ የሚወርደው ውሃ ቢጫ ነው፤ ያ አሮጌው ሽፋን ነው። ውሃው ነጭ ብቻ ሆኖ እስኪወርድና የመብራቱ ፊት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ አይቁሙ። በዚህ ጊዜ መብራቱ ከመጀመሪያው ብሶ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ እኔም ደንግጬ ነበር። ሥራው የሚበላሸው ግን በዚህ ሳይሆን ቁጥር በመዝለል ነው። አንዱን ቁጥር ወደ ጎን ከፈተጉ ቀጣዩን ወደ ላይና ወደ ታች ይፈትጉ፤ ያለፈው ጭረት በሙሉ መጥፋቱን አድርቀው ካላረጋገጡም ወደሚቀጥለው አይለፉ፤ ውሃ ጭረትን ይደብቃልና። ከ3000 በኋላ በመኪና ቀለም ፖሊሽ በንጹሕ ጨርቅ ሲያሹት ይጠራል።

መልስ፣ ከመጀመሪያው የቀለም ባለሙያ

ከዚህ ላይ አንድ እርማት ልጨምር። እስከ 3000 ሄዶ በፖሊሽ ማሸት ተገቢ የሚሆነው በጨርቅ የሚቀባ መከላከያ ለሚጠቀም ሰው ነው። እኔ የምመክረው ግን ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚገባበትን፣ ለአልትራቫዮሌት መከላከያ ያለውን ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለውን የላይ ሽፋን፣ መንፋት ነው፤ ለዚህ ደግሞ በ1000 ላይ መቆም ይገባል። እንደ መስተዋት በተወለወለና የፖሊሽ ቅባት በቀረበት ፊት ላይ ክሊር አይያዝም፤ ከወራት በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። የ1000ው ደቃቅ ጭረት ክሊሩ ሲሞላው ከዓይን ይጠፋል።

ፊቱን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው በጣት ሳይነኩት፣ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ይንፉት። የመጀመሪያውን እጅ በጣም ስስ ያድርጉ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው ሁለተኛውን ሞላ አድርገው ይድገሙ። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል የመተንፈሻ አካልን ክፉኛ ይጎዳልና ከቤት ውጭ ይሥሩ፤ የጨርቅ ማስክ ይህን ስለማያግድ ለቀለም ሥራ የተዘጋጀ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያድርጉ። ጭንብሉን ካላገኙ ይህን ክፍል ብቻ ቀለም ቤት ወስደው ያስነፉ፤ ፈትጎ የቀረበን መብራት መንፋት ለባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

መልስ፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ከሚኖር አባል

እዚህ ከብርጭቆ ወረቀት እስከ መከላከያው አንድ ላይ ታሽጎ ስለሚሸጥ ሥራው ይቀላል። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር፣ ትሪፕል ኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ የተመረመሩት የደበዘዙ መብራቶች በአጭር ብርሃን የሰጡት የአዲሱን 22 በመቶ ብቻ እንደነበረና እድሳቱ ብርሃኑን ወደ 70 በመቶ ገደማ እንደመለሰው ገልጿል። ስለዚህ ጠያቂያችን ብዙ ለውጥ ይጠብቁ፤ ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይሆናል ብለው ግን አይጠብቁ። ብርሃን ለመጨመር ሲባልም የ60/55 ዋቱን አምፖል በ100 ዋት መተካት ስሕተት ነው፤ ሙቀቱ ሽቦውንም፣ የውስጡን አንጸባራቂም፣ አሁን የሚደክሙበትን ፕላስቲክም ይጎዳል።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከሌላ አባል

የእኔ መብራት ከዝናብ በኋላ በውስጥ በኩል ጠብታ ይይዛል። ይህ አሠራር ይረዳኛል?

መልስ፣ ከቀለም ባለሙያው

አይረዳዎትም። ውሃ የሚገባው በአምፖሉ የኋላ ጎማ ወይም የፕላስቲኩን ፊት ከቤቱ ጋር በሚያያይዘው ማሸጊያ በኩል ስለሆነ አስቀድመው ጎማውን ይፈትሹ። ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ብርማ ቅቡን ለቆ ከሆነ ደግሞ መብራቱን መቀየር ይሻላል።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በውሃ ስሞክረው ሁለቱም ስለጠሩ ሥራውን ጀመርኩ። የቀኙ መብራት በ800 ሲፈተግ የወረደው ውሃ እንደ ሻይ ቢጫ ነበር። በግራው ላይ ቸኩዬ ወደ 1000 በማለፌ፣ ሲደርቅ ረጃጅም ጭረቶች ታዩኝና ወደ 800 ተመልሼ እንደገና ሠራሁት። ጭንብል ስላልነበረኝ ክሊሩን ቀለም ቤት አስነፋሁ። አሁን ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ ትናንት ማታ በዚያው ሰፈር ሳልፍ የአስፋልቱን ጠርዝና በእሱ ላይ የሚሄዱትን ሰዎች ከሩቅ ለይቼ አየኋቸው። በግራው መብራት የታችኛው ጠርዝ ላይ ወርዳ የደረቀች አንዲት የክሊር ጠብታ ቀርታለች፤ ክሊሩ በደንብ ሲጠነክር በ2000 አስተካክዬ በፖሊሽ አሻታለሁ።