ስልኩን የገዛው ይቀጣ?

የአረብ ገንዳው፦
ይህን ደብዳቤ አያችሁት? እዚሁ ደሴ ያለ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው፣ ስሙ ይቆየን። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቁርኣን የሚያስቀራቸውን ኡስታዝ አስመስላ ቲክቶክ ላይ ለቀቀች። ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል፣ መነጽሩን በጣቱ ገፋ ያደርጋል፣ «ማነው የሳቀው?» ይላል። ቪዲዮው ይኸው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ አውጥተው ይቅርታ አስጠየቋት፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት አገዷት። ማኅተም የተመታበት ወረቀት «የተቋሙን ስም በማጉደፍ» ይላል። በሁለት ሳል የሚጎድፍ ምን ዓይነት ስም ነው?

እሙ ዘከሪያ፦
ወንድሜ፣ አታቅለው። ኡስታዝ አባት ነው። ቪዲዮው ሥር ያለውን ኮሜንት አንብበሃል? አሁን ሰውየው መንገድ ሲያልፍ የሰፈር ልጅ ሁሉ ጉሮሮውን ይጠርግበታል። እሱም ልጆች አሉት። ቅጣቱ አነሰ እንጂ አልበዛም። ደግሞ ጥፋቱ የልጅቷ ብቻ አይደለም፤ ስልኩን የገዛው ይቀጣ።

ጦሳ ሥር፦
ሃሃሃ፣ «ስልኩን የገዛው ይቀጣ»! የገዛችው እናቷ ናት። ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች ነው የላከችው። ከዚያ አምጥተን ሰልፍ ላይ እናቁማት?

እሙ ዘከሪያ፦
ነገር አታጣምም። አሳዳጊ ማለቴ ነው።

ጦሳ ሥር፦
አሳዳጊዋ አያቷ ናቸው። ስልክ ሲጠራ እንኳ «ንኪው» ብለው ለልጅቷ ነው የሚሰጡት። እሳቸውን እናግዳቸው?

ከኮምቦልቻ፦
ቀልዱን ተዉት። የጥላቻ ንግግር አዋጅ 1185/2012 የሚባል አለ። ፖሊስ ጋ ስላልወሰዷት አመስግኑ።

የአረብ ገንዳው፦
አዋጁን አንብበኸዋል ወይስ ቁጥሩን ብቻ ነው የያዝከው? እሱ የሚያወራው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ፣ በአካል ጉዳት ጥላቻ ስለሚያነሳሳ ሰው ነው። ሳል የቱ ውስጥ ይገባል? ሕግ ካማረህ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እይ። ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ ነው ይላል።

ከኮምቦልቻ፦
ማን ገረፋት? ተመከረች።

የአረብ ገንዳው፦
ያ ሁሉ ተማሪ እያየ፣ እያለቀሰች? እንዲህ ያለ ምክር ለራስህ ልጅ ያድርግልህ።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። የእናቴ ወገን እስላም ስለሆነ ግን ልግባበት። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ የኔታን የማያስመስል አልነበረም። አንድ ማታ ጎጆው በር ላይ ቆመው ሰሙን። «ድምፄ ይህን ያህል ወፍራም ነው?» አሉና ሄዱ። በነጋታው ዜማውን ጉሮሯችን እስኪዘጋ አስባሉን። በዚያው አለቀ።

እሙ ዘከሪያ፦
ጎጆና ቲክቶክ አንድ ነው? የእናንተን የሰሙት የኔታ ብቻ ናቸው። ይህችን አዲስ አበባም ጅዳም አይቷታል።

ሐይቅ ዳር፦
እሱስ እውነትሽን ነው።

ጦሳ ሥር፦
ቶሎ እጅ አትስጥ እንጂ! ትምህርት ቤቱ ነሐሴ ላይ ለምዝገባ ብሎ ፌስቡክ ላይ የለቀቀውን ቪዲዮ አስታውሱ። ነጭ ሂጃብ አድርጋ ፋቲሃ የምትቀራዋ ማን ናት? እሷው ናት! ያኔ ፊቷ ስም አላጎደፈም። ቤተሰቧን ማን አስፈቀደ? ካሜራ ፊት መቆም የለመደችው እዚያው ግቢ ነው። ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም፣ ልጅቷ 12 ናት። አካውንቱን አዘጉ፣ ቪዲዮውን አስጠፉ፣ ኡስታዙ ቤት ወስዳችሁ አውፍ አስብሏት። ሌላው ምን ያደርጋል?

እሙ ዘከሪያ፦
ቁርኣን መቅራትና ሰው ላይ ማሾፍ አንድ ሆኖ ታየህ? ለመሆኑ ደሴ ነህ ወይስ ቦሌ ቁጭ ብለህ ነው የምትፈርድብን?

ጦሳ ሥር፦
ሰኞ ገበያ ነኝ። ውሃ ሲጠፋ አንድ ላይ ነው ጀሪካን የምንሰለፈው።

የአረብ ገንዳው፦
ትናንት አያትየዋን ግቢው በር ላይ አየኋቸው። ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ዘበኛው አላስገባቸውም። «ቅጣቱን ቅጧት፣ ስልኩን ብቻ ስጡኝ» ነው የሚሉት። ስልኩ ዳይሬክተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። እናትየዋ ጁምዓ ጁምዓ በኢሞ የምትደውለው በእሱ ነበር።

እሙ ዘከሪያ፦
አላህ ያግራላቸው። ግን ቀድሞ ማሰብ ነበር።

ጦሳ ሥር፦
ማን? ስልኩን የገዛችው?