ፕሮፖዛሌ ነገ ይገባል፤ አማካሪዬ "ቁጥር የለውም" ብለው መለሱት!

እንቅልፍ አጣሁ፦ ሰላም ቤተሰብ። 14 ሰው በቃለ መጠይቅ ላነጋግር ነበር ያሰብኩት። አማካሪዬ ዛሬ ማታ "ይሄ ወግ እንጂ ጥናት አይደለም፤ 384 ሰው መጠይቅ አስሞዪ" አሉኝ። ነገ ጠዋት ማስገባት አለብኝ። አይነታዊ ጥናት (ሰው አነጋግሮ የሚሠራው) ከመጠናዊ (በቁጥር ከሚሠራው) ያንሳል እንዴ? ሙሉውን ልቀይረው? ቶሎ በሉልኝ!

ቁጥሬ፦ ቀይሪው። 384 አስሞልተሽ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ላይ መጫን ነው። ከአማካሪ ጋር አትጋጪ።

የድሮ መምህር፦ ክርክሩ የቆየ ነው። ላፒየር የተባለ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞረ። በ251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች አንድ ቦታ ብቻ ተከለከሉ። በኋላ "ቻይናዊ ታስተናግዳላችሁ?" ብሎ መጠይቅ ላከ። ከመለሱት ከ90 በመቶ በላይ "አናስተናግድም" አሉ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ታተመ። መጠይቅ ላይ የሚሞላው ሌላ፣ የሚደረገው ሌላ።

ቀልደኛው፦ ጋሼ፣ ልጅቷ እስከ ጠዋት ነው ያላት! ደግሞ ላፒየር ይሄንንም ቆጥሮ ነው ያወቀው። ቁጥሩን አውጡትና ምን ይቀራል?

ሻይ በሎሚ፦ አትቀየሚኝ እህቴ። ቃለ መጠይቅ የመረጥሽው ለጥያቄሽ ስለሚስማማ ነው ወይስ ስታቲስቲክስ ፈርተሽ? እኔ ፈርቼ ነበር። ከዚያ የተቀዳውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ አለቀስኩ። ለመሆኑ ጥያቄሽ ምንድን ነው? እስካሁን አልነገርሽንም።

እንቅልፍ አጣሁ፦ እሺ፣ ስታቲስቲክስ አልወድም። ጥያቄው "ጀማሪ ነርሶች ለምን በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ይለቃሉ?" ነው።

ቁጥሬ፦ አሁንም 384።

ናሙና፦ 384 እኮ ከሰማይ አልወረደም። ሕዝቡ ብዙ ሲሆን፣ በ95 በመቶ መተማመኛና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን (ከ100 ናሙና 95ቱ ከእውነቱ ከ5 ነጥብ በላይ እንዳይርቁ)፣ ሰዎቹም በዕጣ ሲመረጡ የሚወጣ ነው። የለቀቁት ነርሶች ስም ዝርዝር አለሽ? ካለሽ አማካሪሽ አልተሳሳቱም። ከሌለሽ ዕጣው ከምን ይወጣል? ያገኘሽውን ሁሉ ካስሞላሽ 384ም 3840ም ያው ነው። ደግሞ ምክንያቱን ሳታውቂ ምርጫው ላይ "ሀ፣ ለ፣ ሐ" ብለሽ ምን ትጽፊያለሽ?

ዛሬ ማታ አንድ አንቀጽ ብቻ ጨምሪ። ጥያቄው "ለምን" የሚል ነው፣ ዝርዝር የለም፣ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ እስኪቆም አነጋግራለሁ በይ፤ 14ቱ መነሻ ይሁን። ውጤቱ ሁሉንም ነርስ እንደማይወክልም ራስሽ ቀድመሽ ጻፊው። "ስንቱ በደመወዝ፣ ስንቱ በፈረቃ ለቀቀ?" ካሉሽ መጠይቁ ሁለተኛ ዙር ይሁን።

ቁጥሬ፦ ሁለተኛው ዙር 384 ይሁን።

አዲስ ገቢ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦ የኔም አማካሪ ዛሬ ያንኑ አሉኝ፤ በተቃራኒው ግን፣ "መጠይቅ ሰለቸን፣ ሰው አነጋግር" ነው ያሉት። ልጅቷ ምን ሆነች?