ክርክር፦ ዳንስ እያየን ስልክ እናውጣ ወይስ እንተው?

ባለሌንስ፦
ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ የሂፕ ሆፕና የኮንቴምፖራሪ (የዘመነኛ መድረክ ዳንስ) ምሽት ነበር። ከመጀመሩ በፊት አንዲት ልጅ ወጥታ «ስልክም ካሜራም አይቻልም» አለች። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ። ከፊቴ የነበረ ሰውዬ ሁለተኛው ዳንስ ላይ ስልኩን ደቀነ። አስወጡት። ደጅ ላይ የተነሳው ጭቅጭቅ ከዳንሱ በላይ ቆየ። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ካሜራዬ ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ እጄን እየበላኝ። እስቲ እዚህ እንጨርሰው። ክልከላው ልክ ነው?

የክቡ ልጅ፦
አይደለም! እኛ ሰፈር ክብ ሠርተን ስንደንስ ስልክ ያልወጣበት ቀን ዳንሱ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ስልክ ሲወጣ ነው የምንሞቀው። ለማስታወቂያ ሳንቲም የለንም፣ ፖስተር የሚለጥፍልን የለም። ሰው የሚያውቀን በሰው ስልክ ነው። ብሬክ ዳንስ እኮ በ2016 ክረምት ፓሪስ ኦሎምፒክ ገብቷል። እኔ ያንን ያየሁት በስልክ ነው። አዳራሽ ስንገባ ምን ሆንን ብለን ነው የምንደበቀው?

ባዶ እግር፦
ወንድሜ፣ የኛና የናንተ ይለያል። ቅዳሜ መድረክ ላይ ከነበሩት የኮንቴምፖራሪ ዳንሰኞች አንዷ እኔ ነኝ። ጨለማ ውስጥ ነው የምንሠራው፤ አንዳንዴ መብራቱ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው። ፍላሽ ዓይኔ ላይ ሲበራ ለትንሽ ጊዜ ወለሉ ይጠፋብኛል። በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ደግሞ አየር ላይ ያለች ጓደኛዬን መቀበል አለብኝ። ብስታትና ብትወድቅስ? ፎቶው ያምራል አሉ።
ሌላም አለ። ባለፈው ዓመት የ40 ደቂቃ ሥራችን ውስጥ ልብሴ የተገለጠባትን አንዲት ቅጽበት ቆርጠው ቲክቶክ ላይ አዞሯት። 40 ደቂቃው የት ሄደ? ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

ዲሲ ነኝ፦
ያማል፣ እውነት ነው። ግን እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሥራ በሁለት ፈረቃ። እናንተ ካላነሳችሁልኝ እኔ ምን አያለሁ? ካዛንቺስ የነበረው አዝማሪ ቤት፣ ፈንዲቃ፣ በ2017 ፈረሰ። ዳንሰኛው መላኩ በላይ እስክስታ ሲወርድ የነበረውን ግፊያ፣ የዚያን ጠባብ ክፍል ላብ አሁን ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ? ያኔ ስልክ ያወጡ «ስነ ሥርዓት የሌላቸው» ሰዎች ናቸው ያስቀሩልኝ።

ጠጅ በብርሌ፦
አዝማሪ ቤት ካነሳህ አይቀር ልንገርህ። እዚያ በነፃ ማየት የሚባል ነገር አልነበረም። ታጨበጭባለህ፣ ግጥም ትሰጣለህ፣ ደስ ካለህ ብር ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። አሁን ሰውዬው በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ብርሌ ይዟል። ብሩን በምን እጁ ያውጣው? ያነሳ ይሸልም! የኔ ሕግ ይቺ ብቻ ናት።

ባለሌንስ፦
ሳቅኩ። ግን ዋናው ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የሕግ ተማሪ፦
ሕግ ካነሳችሁ እኔም ልግባ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ አይቻልም ይላል። አንቀጽ 28 ግን በር ይከፍታል። ሰውየው ታዋቂ ከሆነ፣ ወይም ፎቶው የሕዝብ ጉዳይ ከሆነ ወይም በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ቲኬት የተቆረጠበት አዳራሽ አደባባይ ነው ወይ? እሱ ላይ ሁለት ጠበቃ አይስማማም።
የቅጂ መብት አዋጁ ደግሞ፣ ቁጥር 410/1996፣ ዳንሰኛን ከዘፋኝና ከተዋናይ እኩል ያስቀምጣል። ያልተቀረጸ ክዋኔውን ማን ይቅረጸው የሚለውን የሚፈቅደው እሱ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ ባዶ እግር ልክ ነች።

ባዶ እግር፦
ተባረክ።

የሕግ ተማሪ፦
ቆይ፣ አልጨረስኩም። ያው አዋጅ ለአንድ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ወጥ ሲሆንና ሲቀረጽ ነው። የፈጠርሽው ዳንስ በጭንቅላትሽና በእግርሽ ብቻ ካለ፣ ነገ ሌላ ቡድን ቢሠራው በምን ትከራከሪያለሽ? የባለሌንስ ፎቶ ግን ለ25 ዓመት ጥበቃ አለው።

ባዶ እግር፦
የኔ ላብ ጥበቃ የለውም፣ የሱ ፎቶ አለው? ጉድ ነው! እንግዲያው ይቀረጽ፣ ግን እኛ እንቅረጸው።

እናት ነኝ፦
ልጆቼ፣ እኔ ስለ ሕጉ አላውቅም። ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ሂፕ ሆፕ ትሠራለች፣ እኔ አውቃለሁ፣ አባቷ አያውቅም ነበር። ቀስ ብዬ ልነግረው ነበር፣ ለፋሲካ ሲመጣ። አንድ ቀን ጎረቤት «ልጅህ ጎበዝ ሆናለች» ብሎ ስልኩን አሳየው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሊያመሰግናት ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ልምምድ አልሄደችም። ያነሳት ልጅ እስከ ዛሬ ይህን አያውቅም።

የክቡ ልጅ፦
እማዬ ይቅርታ። ይህን አስቤው አላውቅም። እኛም ክብ ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉ።

ባለሌንስ፦
እትዬ፣ ልጅቷ አሁንስ?

እናት ነኝ፦
ተመልሳለች። አባቷ ራሱ ያደርሳታል። ግን በር ላይ ይመለሳል፣ አይገባም።

ባለሌንስ፦
እኔ የራሴን ልበል። ለኔ ዳንስን የሚገድለው ፎቶ ሳይሆን አነሳሱ ነው። ብሬክ ዳንሰኛ ፍሪዝ ሲሠራ (መሃል ላይ ድርቅ ሲል) ራሱ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ «አንሳኝ» እያለህ ነው። ኮንቴምፖራሪ እንደዚያ አይደለም። የምትፈልጋት ቅጽበት መቼ እንደምትመጣ ለማወቅ ሥራውን ቢያንስ አንዴ ማየት አለብህ። ያላየኸውን ስታነሳ 600 ጊዜ ትጫናለህ፣ ከኋላህ ያለው ሰው ጠቅ ጠቅታህን ይቆጥራል። ጸጥ ያለ ሹተር፣ ያለ ጠቅታ የሚያነሳ፣ አለ ትሉኛላችሁ። አለ፣ ግን በአንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። ፍላሽማ አይነሳም፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 አድርጎ፣ ፎቶው ትንሽ አሸዋ ቢመስል መታገስ ነው።
ግን ጭራሽ ይቅር የምትሉትንም አልቀበልም። ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ ጎዳና ላይ ከነበሩ ልጆች ጋር ከተጀመረው ከአዱኛ የዳንስ ቡድን ወጥተው ነው ዴስቲኖ የሚባለውን የዳንስ ቡድን ያቋቋሙት። የአዱኛን ስም እየጠሩ አንድ ፎቶውን እንኳ አይተው የማያውቁ ወጣት ዳንሰኞች አጋጥመውኛል። የራሳችን ታሪክ በወሬ ብቻ እንዴት ይተላለፋል?
ስለዚህ፦ ፎቶ አንሺ የመጨረሻው ልምምድ ላይ ይግባ። ያኔ አምፖሉም ልብሱም አለ፣ ተመልካች የለም። በዝግጅቱ ቀን ስልክ ይዘጋ፤ መጨረሻ ላይ አንድ አጭር ዳንስ ለስልክ ተብሎ ይደገም። የክቡ ዳንስ እንደ ድሮው ክፍት ይሁን፣ ልጆቹ ላይ ግን ወላጅ ይጠየቅ።

ዲሲ ነኝ፦
የመጨረሻዋን ዳንስ ላይቭ አስገቡልኝ በቃ።

ጠጅ በብርሌ፦
ሽልማቱስ? ልምምድ ላይ የሚገባው ባዶ እጁን ነው?

ባዶ እግር፦
ሽልማቱ ፎቶዎቹን ለኛ መስጠት ነው፣ ያለ ምልክትህ፣ ያለ ስምህ ማኅተም ደረቴ ላይ። ከመለጠፍህ በፊት እናያለን። «ይቺ ትውጣ» ካልን ትወጣለች። ፍላሹን ቤት ትተወዋለህ።

ባለሌንስ፦
«ትውጣ» ያላችሁት ከሁሉም የሚያምረው ቢሆንስ?

ባዶ እግር፦
ለራስህ አስቀምጠው።

ባለሌንስ፦
ከባድ ነው። እሺ። የሚቀጥለው ልምምድ መቼ ነው?

ባዶ እግር፦
ሐሙስ 11 ሰዓት። ጫማህን በር ላይ ታወልቃለህ፣ ወለሉ ተወልውሏል። ካልሲህ ደግሞ ንጹህ ይሁን።