ለወንድሜ የጉዳት ካሳ ልፈርም ወይስ ልክሰስ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

ታናሽ ወንድሜን ሚኒባስ ገጭቶት ጭንቅላቱ ተጎዳ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተረፈ፤ ተመስገን። ይራመዳል፣ ያወራል። ለሚያየው ሰው የዳነ ይመስላል። ግን አሁን የነገርነውን ወዲያው ይረሳል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ስቶቭ ለኩሶ ጥሎ ይወጣል። ብቻውን ማዋል አይቻልም። እናታችን ደክማለች። እኔ ሥራዬን ትቼ እሱን እጠብቃለሁ።

የሚኒባሱ የመድን ድርጅት ለሦስተኛ ወገን (እንደ ወንድሜ በመኪናው ለተጎዳ ሰው) የሚከፈለውን ትንሽ ገንዘብ ይዞ «ፈርሙና ጨርሱ» ይለናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። በቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም ይካሳል። ታዲያ ከፈረምን ባለቤቱን መክሰስ ይቀርብናል? በቁጥር 2143 የተቀመጠው የ2 ዓመት የክስ ማቅረቢያ ጊዜም ሊያልቅ እየተጠጋ ነው።

ሜዲካል ቦርድ (የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቡድን) ጉዳቱን በመቶኛ ይጽፋል፤ ዕድሜ ልኩን ጠባቂ እንደሚያስፈልገው ግን በምን ማስረጃ ላስረዳ? ደግሞስ እሱ የሚፈርመውን በቅጡ አይረዳም፤ መጀመሪያ በፍርድ ቤት ሞግዚት ይሾምለት? በነጻ የሚያማክር የሕግ ድጋፍ ማዕከል አዲስ አበባ ውስጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ።