አዳማ ከገባሁ ወዲህ እርሾዬ ኮመጠጠ፣ እንጀራዬም ዓይን አጣ። ምን ላድርግ?

ጠያቂ (እንጀራ ጋጋሪ፣ አዳማ)
ሰላም ወገኖች። ከደብረ ብርሃን ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። እርሾዬን ከእናቴ ቤት በጀሪካን ይዤ ነው የመጣሁት። እዚያ ሊጡ ሦስት ቀን ይቦካ ነበር። እዚህ በሁለተኛው ቀን ጥርስ ያጠርሳል። እንጀራው ምጣድ ላይ ዓይኑ ሳይከፈት እንደ ቆዳ ይተኛል። ደንበኞች መለሱብኝ።
ልጄ ደግሞ «እማ፣ አንድ ምግብ የሚሻሙ ሁለት ዘሮች አብረው አይኖሩም ተብለናል፤ እርሾው ውስጥ ካሉት ደቂቅ ሕዋሳት አንዱ ሌላውን አጥፍቶት ነው» አለችኝ። ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት አብረው ኖሩ? ልድፋው?

የምጣድ እናት
እህቴ፣ በፍጹም እንዳትደፊው! የእናት እርሾ አይደፋም። ጠላትሽ ሙቀቱ ነው። የምትጨምሪውን እርሾ በግማሽ ቀንሺ። ቡሃቃውን ከቆርቆሮው ሥር አውጥተሽ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጪ፣ እርጥብ ጨርቅም አልብሺው። ለነገ የሚሆን እርሾ ካስቀረሽ በኋላ የቀረረውን ቢጫ ውሃ ድፊና በንጹህ ውሃ ተኪው። አብሲቱ ከገባ በኋላ ሊጡ ኩፍ እንዳለ ጋግሪ፣ አታሳድሪው።

ላብራቶሪ የምሠራ
ልጅሽ የተማረችው የጋውስን ሕግ ነው፤ ጎበዝ ናት። ሩሲያዊው ጋውስ በ1930ዎቹ ሁለት ዓይነት ፓራሚሲየም (ውሃ ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ደቂቅ ፍጡር) አንድ ቱቦ ውስጥ አሳደገ፤ አንዱ ጠፋ። ግን እሱ ራሱ ሌላ ጥንድ ሲሞክር ሁለቱም ኖሩ። አንዱ ላይ ተንሳፍፎ ባክቴሪያ ይበላል፣ ሌላው ታች የዘቀጠውን የእርሾ ፈንገስ። ቤት አንድ፣ ማዕድ ሁለት።
ሊጥም እንዲሁ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ኮምጣጣ ዳቦ ላይ በደንብ ተጠንቷል፦ ባክቴሪያው (አሲድ ሠሪው) ማልቶስ የሚባለውን ስኳር ይበላል፣ እርሾው (ጋዝ ሠሪው ፈንገስ) ማልቶስ አይነካም። እንዲያውም ባክቴሪያው የሚያፈሰውን ግሉኮስ (ሌላ ስኳር) እርሾው ይቃመሳል። እዚያው ዳቦ ላይ እርሾው 27 ዲግሪ አካባቢ ይመቸዋል፣ ባክቴሪያው ግን 32 አካባቢ ይፋፋል። ያንቺም ችግር ይሄው ይመስለኛል። ሙቀት ሲበዛ አሲድ ሠሪው ይቀድማል፣ ጋዝ ሠሪው ይደክማል። ጋዝ ከሌለ ዓይን የለም። አልጠፋም ግን፣ ተበልጦ ነው።

የሀዋሳ ልጅ
እኔ የዳቦ እርሾ ጨምሬ ዓይን አውጥቶልኛል።

ላብራቶሪ የምሠራ
ለዛሬ ያነሳዋል፣ ኮምጣጣነቱን ግን አይቀንስም። ከጨመርሽም ለነገ የሚሆነውን ቀድመሽ ለይተሽ አስቀምጪ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! እርሾውን በግማሽ ቀንሼ ወለል ላይ አሳደርኩት። ዛሬ ጠዋት ዳር ዳሩ ዓይን አወጣ፣ መሀሉ ገና ነው። ጥርስ ማጥረሱ ግን ቀርቷል። እሁድ አንድ ቀን ቀድሜ ጋግሬ እነግራችኋለሁ።