«ተራ የፍቅር ድራማ» ጠፋ ብሎ ማልቀስ

ሰሎሜ፦ ትናንት እዚሁ አንድ ወንድማችን «ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ተራ የፍቅርና የዳግም ጋብቻ ድራማ ጠፋ ብሎ ማልቀስ ምን ይሉታል?» ብለው ጽፈዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ ይዘታቸው የተረፉት 14 በመቶው ብቻ ናቸው። እርስዎ የጠፋው «ተራ» መሆኑን ሳያዩት በምን አወቁ?

ዳኛው፦ ያልኩትን አልክድም። ፊልሙ ቢጠፋም ታሪኩ በጊዜው ጋዜጣ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ልጅቱ ለቤተሰቧ ስትል ባለጠጋ ሽማግሌ ታገባለች፤ አንድ ወጣት መኳንንት ትወዳለች፤ ሽማግሌው በረሃ ሄዶ ይሞትላታል። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?

ሰሎሜ፦ የተረኩልን የ1922ቱን «ቢዮንድ ዘ ሮክስ» ነው፤ የዘመኑ ዝነኛ ተዋንያን ግሎሪያ ስዋንሰንና ሩዶልፍ ቫለንቲኖ አብረው የሠሩት ብቸኛ ፊልም። እሱም ለብዙ አሥርት ዓመታት ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ2003 ሆላንድ ውስጥ፣ ከአንድ ሰብሳቢ በተረፉ የዛጉ ቆርቆሮዎች መካከል ተገኘ። ስዋንሰን ግን በ1983 አርፋ ነበርና ለዚህ አልደረሰችም።

ሣህሉ፦ «ይሞትላታል» የምትለዋን ቃል ልያዝ። በዚያ ዘመን ባል ካልሞተ ሚስት እንደገና ማግባት አትችልም ነበር ያለው ማን ነው? ዳይሬክተሩ ዴሚል በ1920 በሠራው «ዋይ ቼንጅ ዩር ዋይፍ?» ስዋንሰን ትፈታለች፣ ባልየው ሌላ ያገባል፣ በመጨረሻ ተመልሶ እሷኑ ያገባታል። ፊልሙም ዛሬ አለ፤ ዴሚል የሥራዎቹን ቅጂ ራሱ ያስቀምጥ ነበርና።

ዳኛው፦ እንግዲያው ጥፋቱ የስቱዲዮዎቹ እንጂ የእኔ አይደለም።

ሣህሉ፦ ጥፋቱ እርስዎ አሁን በሚናገሩበት ቋንቋ የተፈጸመ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ስቱዲዮዎቹ የድሮውን «ተራ» አሉትና ከፊልሙ ብር ለማውጣት አቀለጡት፤ ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ምንም እንኳ ሁለቱ አንድ ቢሆኑም።

መቅደስ፦ ሁሉን በብር አናሳብ። የፎክስ ስቱዲዮ ፊልሞች በ1937 ሊትል ፌሪ፣ ኒው ጀርሲ የነደዱት ማንም ሽጧቸው ሳይሆን ናይትሬት፣ ማለትም የዚያ ዘመን ፊልም የተሠራበት ተቀጣጣይ ነገር፣ በሙቀት ብዛት በራሱ ስለሚቀጣጠል ነው፤ አንዴ ከተያያዘም ውኃ ውስጥ እንኳ ይነዳል።

ሣህሉ፦ በዚያ የሐምሌ ሙቀት ያንን ሁሉ ናይትሬት በአንድ መጋዘን የቆለለውስ ማን ነው?

ዳኛው፦ ከርዕሳችን ወጣን።

ሰሎሜ፦ አልወጣንም፤ «ተራ» የምትለዋን ቃል ገና አላነሡልንም።

ዳኛው፦ ሆላንድ ውስጥ የተገኘውን አይቼዋለሁ፤ ተራ ነው።

ሰሎሜ፦ እንዲያዩት መጀመሪያ መገኘት ነበረበት፣ ጌታዬ።